ከዝግባው ሥር ማን አለ?

«ደን ደረሰኝ» ብዬ ለእናቴ ስደውልላት መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «ደን ደግሞ ምኑን ይማሩታል?» አለችኝ። እያሾፈች አልነበረም። ለእሷ ደን ማለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። እዚያ ያሉት ዛፎች ደግሞ ማንም ሳይማርባቸው ከአያቶቿ በፊት ጀምሮ ቆመው ኖረዋል።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ ጎንደር ተነስቼ ወንዶ ገነት መመደቤ ራሱ ለቤተሰቤ ባሕር ማዶ እንደመሄድ ነበር። እኔ ያሰብኩት ጤና ነበር፤ ውጤቴ ትንሽ ጎደለ። አባቴ ጎረቤት ሲጠይቀው «የግብርና ነገር ነው» እያለ ያልፈዋል። የመጀመሪያውን ወር ዶርም ውስጥ እያለቀስኩ ነው ያሳለፍኩት። ይህን የምነግራችሁ ዘንድሮም ያላሰባችሁት ትምህርት ደርሷችሁ የከፋችሁ ስለማትጠፉ ነው፤ ሁለት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ጽፈውልኝ እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

ወንዶ ገነትን ለማያውቅ፦ ከሻሸመኔ ብዙ አይርቅም። ኮሌጁ በስዊድን ድጋፍ ደንን ለማስተማር ተብሎ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከግቢው ጀርባ የአባሮ ተራራ አለ። ጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን የጉሬዛ ጩኸት ነበር። ጉሬዛን ከዚያ በፊት በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ያንን ነጭ ካባውን እያርገበገበ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ሳየው ለጥቂት ደቂቃ ማልቀሴን ተውኩ።

መጀመሪያ የያዘኝ ኮርስ ዴንድሮሎጂ ነው፣ ዛፍን በዛፍነቱ የመለየት ትምህርት። ቅጠል እንለቅማለን፣ በጋዜጣ መሀል አድርገን እንጫናለን፣ እናደርቃለን፣ ስም እንጽፋለን። ፈተናው ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይተህ ስሙን ትጽፋለህ፣ ፊሽካ ሲነፋ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ከሳይንሳዊ ስሙ ሌላ አካባቢው የሚጠራበትንም እንድናውቅ እንገደድ ነበር። እኔ ዝግባ የምለውን ዛፍ የዶርም ጓደኛዬ ቢርቢርሳ ትለዋለች፤ የሲዳማዋ ልጅ ደግሞ ዳጉቾ። ሦስታችንም በልጅነታችን ከሥሩ ተጫውተናል። ፍሬው ድብልብልና ጠንካራ ስለሆነ እኛ አገር ብይ እናደርገው ነበር።

አስተማሪያችን «ቅጠል ሳትገለብጡ ስም አትስጡ» ይለን ነበር። አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ ብሎታል። ከላይ ሲታይ አንድ የሚመስል ቅጠል ጀርባው ሌላ ነው። የወይራን ቅጠል ገልብጡት፣ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እስከዛሬ መንገድ ላይ ስሄድ እጄ ሳላዝዘው ቅጠል ይገለብጣል፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ይገርመዋል።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት የተዘጋጁትን ስምንት ትላልቅ ቅጾች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያየሁት። ፕሮፌሰር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የመሩት፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያ፣ አንድ በአንድ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠል እየገለበጡ! ለእናቴ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ገና አልገባኝም።

የገባኝ ሙነሳ ላይ ነው።

ሁለተኛ ዓመት የመለካት ልምምድ ልንሠራ ወደ ሙነሳ ሻሸመኔ ደን ወሰዱን። ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር በገመድ እንከልላለን። ከዚያ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ከፍታ ላይ፣ ደረት ጋ ማለት ነው፣ ዙሪያውን በሜትር እየጠመጠምን ውፍረቱን እንለካለን። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይጽፋል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወረቀቱ ይርሳል፣ እስኪርቢቶው አይጽፍም። ከገመዱ ውስጥ ያሉት ዝግባዎች ግን እንዴት ያሉ ነበሩ! አንዷን ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንኳን አላቀፍናትም። ቡድናችን ትልቁን ዛፍ በማግኘቱ ኩራት ይዞናል።

አስተማሪያችን መጥቶ ወረቀታችንን አየ። «ጥሩ። ከሥሩ ማን አለ?» አለን። አልገባንም። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በጣቱ አሳየን። የደረቀ ቅጠል፣ የከብት እበት፣ የከብት መንገድ። ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ እዚያው ወረቀት ላይ ግራፍ ሣለልን። ጤነኛ ደን ውስጥ ትንንሾቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ ከእነሱ ያንሳሉ፣ ወፍራሞቹ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መስመሩ ከግራ ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየወረደ ይሄዳል። የብዙ ዛፍ ሕይወት እንዲህ ነው፤ ከሺህ ቡቃያ አንዱ ነው አዛውንት የሚሆነው። የእኛ ገመድ ውስጥ ግን መስመሩ ተገልብጧል። ሽማግሌዎች ብቻ። «ይህ ደን ለዓይን ይሞላል፤ ግን ልጅ የለውም» አለን። «እነዚህ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ዛሬ ሞቷል ብትሉት ማንም አያምናችሁም፤ አረንጓዴ ነዋ።»

ያንን ቀን ልነግራችሁ በምችለው ሁሉ ብነግራችሁ የተሰማኝ ነገር አይወጣልኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ዛፍ ሳይ ወደ ላይ ነበር የማየው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ታች ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ከተፈጥሮ ደኑ አጠገብ ተተክሎ ያደገ የባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ የሚባል ሌላ የውጭ ዛፍ ደን አለ። እኛ ተማሪዎቹ ስለ ባሕር ዛፍ አቋማችንን ይዘን ነው የሄድነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል፣ መጤ ዛፍ ነው። ውስጡ ገብተን ገመድ ስንዘረጋ ግን ከሥሩ የዝግባ ልጆች፣ የጥቁር እንጨት ልጆች፣ ብሳና፣ ወይራ በቅለዋል። ነገሩ በእኛ ቡድን የተገኘ አይደለም። ዶክተር ፈየራ ሰንበታና ዶክተር ደመል ተከታይ አዲስ አበባ አቅራቢያ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ላይ እንዲህ ያለውን ነገር አጥንተው ከብዙ ዓመት በፊት ጽፈውታል። የተተከለው ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ወፎች ከአጠገቡ ካለው ደን ፍሬ በልተው መጥተው ዘሩን ይጥላሉ፣ ከብትና ሰው ካልገባበት ዘሩ ይበቅላል። በአጠገቡ እናት ዛፍ ከሌለ ግን ምንም የለም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መጥቶ ከተማዋን ከመነቀል እንዳተረፋት ታሪክ ተምረን ነበር፤ ለዝግባ ልጆች ሞግዚት ሊሆን እንደሚችል ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ባሕር ዛፍ ይተከል ማለቴ አይደለም። ወንዝ ዳር ሲተከል አሁንም ይቆጨኛል። ግን ከዚያ በኋላ ሳልለካ መፍረድ አልቻልኩም።

ሦስተኛ ዓመት ባሌ ሄድን። በዶዶላ፣ በአዳባ አድርገን ዲንሾ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ከእኔ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ደጋ አጋዘን ቆሟል፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት ወንድ። አየኝ፣ አየሁት፣ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም፤ ሳይንስ ስም የሰጠው እንኳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ነው።

ያን ቀን ቆጠራ ተለማመድን። በመስመር ተሰልፈን እየተራመድን ያየነውን እንጽፋለን። ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል። ወንዱ ቀንድ አለው፣ ሴቷ የላትም፣ ስለዚህ መለየቱ አይከብድም። ማታ እሳት ከበን ቁጥሩን ስናሰማ አስተማሪያችን መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ወንዶቹ ቀንድ አልነበረም። «ስንት ግልገል አያችሁ? ለስንት ሴት?» ነው ያለን። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ያው የሙነሳው ጥያቄ ነው።

ሳነቲ ላይ የወጣን ቀንማ ሌላ ነው። ከጎባ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮሶውን ታልፋለህ፣ አስታውን ታልፋለህ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና አራት ሺህ ሜትር ላይ ሜዳ ይከፈትልሃል። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ወዲያ ማዶ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፣ 4,377 ሜትር። ትንፋሽ ያጥራል። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ የባሌ ትልቁ ፍልፈል ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ሣር ይስብና ይገባል። ቀይ ቀበሮን ያየነው እዚያ ነው። ረጅም እግር፣ ቀይ ፀጉር፣ ጉሮሮው ነጭ። ከፍልፈሉ ጉድጓድ ፊት ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ውስጥ የነበርን ልጆች ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

አብሮን የነበረው የአካባቢው ሰው ቀበሮውን በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ እንደሚሉት ነገረን፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ፈረስና ላም ሊወልዱ ሲሉ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ስሙን ያገኘው። ከብት መሀል ገብቶ፣ በከብቶቹ ተከልሎ አይጥ እንደሚያድንም ነገረን። ተመራማሪዎች ይህንኑ ጽፈውታል፤ እረኞቹ ግን በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ኖረዋል። ሰውና አውሬው እንዲህ ተዛምደው ኖሩ። የሚያስፈራው ደግሞ ከእረኛው ጋር የሚመጣው ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ እዚያው ባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሳቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዷ አውራ ሴት ብቻ ናት። ሌሎቹ ቡችሎቹን ያሳድጋሉ። እሷ ከሞተች የዚያ ዓመት ልጅ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። ባሌ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጠረጴዛ የምጋራት ልጅ ምን ሆነሽ አለችኝ፣ አስረዳኋት፣ እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

ተመርቄ በመጀመሪያው ፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከሰንበቴው ቤት አጠገብ አንዲት ትልቅ ዝግባ አለች። ብይ የምንለቅመው ከእሷ ሥር ነበር። አያቴ ከእሷ ራቅ ብሎ ነው የተቀበረው። ተጠግቼ ወደ ታች አየሁ። መሬቱ ንጹሕ ነው። እንደ አውድማ ተጠርጓል። አንድ ቡቃያ የለም።

ልጅ ሆነን ያንን ግቢ የጠረግነው እኛ ነን። ለበዓል ዋዜማ እናቶች ውሃ ይረጫሉ፣ እኛ በመጥረጊያ ጥርግ እናደርጋለን። ንጽሕናው አክብሮት ነበር። የእግዚአብሔር ቤት ነዋ። ያን ዕለት ዝግባዋ ሥር ቆሜ መጥረጊያው እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

ዝግባ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ሴቴዋ ብቻዋን ከሆነች ፍሬዋ ውስጡ ዘር አይዝም። ስለዚህ የወደቀ ፍሬ አንስቼ በድንጋይ ሰበርኩት። ውስጡ ሙሉ ነው። ወንዴው ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። ዘር አለ፣ እናት አለች፣ አባት አለ። የጠፋው ቦታ ነው።

አባን ጠየቅኳቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ክርስትና ያነሱኝ ካህን ናቸው። «አባ፣ የዚች ዝግባ ልጅ የት አለ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ከብት ይበላዋል፣ የተረፈውን እኛ እንጠርገዋለን» አሉኝ። ቀጥለው «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አዲስ ዝግባ በቅሎ አላየሁም» አሉ። ስንት ዓመት ሆነዎት ብላቸው አርባ ሁለት አሉኝ።

ከአገር ቤት ስመለስ ያነበብኩት የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ጥናት ነበር፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የሠሩትን። የአብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ አይቆይም። እናት ዛፉ ከሄደች ዘሩም አብሮ ይሄዳል፤ መሬት ውስጥ የተቀመጠ ጥሪት የለም ማለት ነው። ከብት የሚገባበት ቦታና የማይገባበት ቦታ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለዚህ ነው እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከካህናቱ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲያስክቡ የኖሩት። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ያመጣል። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስሙን ተዉት። ክረምት በመጣ ቁጥር ተከላ አለ። ተከላን እወዳለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለ ዕለት እኔም በጭቃ ተለውሼ ስተክል ውያለሁ፤ አሮጊቶች ከወጣቶች እኩል ሲቆፍሩ አይቻለሁ። የከፋኝ በኋላ ነው። የምንሞላው ቅጽ ላይ የተተከለ ብዛት የሚል አለ። የጸደቀ ብዛት የሚል ቦታ ግን አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ልቁጠር ብዬ ጠየቅኩ፤ ለዚያ የተያዘ በጀት የለም ተባልኩ። በራሴ ወጪ ሄጄ ቆጠርኩ፣ ሪፖርት ጽፌ አስገባሁ። ማንም አላነበበውም። በጣም ነው የተናደድኩት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ያ ጭቃ የገባው ሕዝብ የተከለው ዛፍ ምን እንደደረሰ የማወቅ መብት ነበረው።

ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ሙያ ላይ የሉም። አንዱ ባንክ ነው፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ሻሸመኔ ስልክ ይሸጣል። አልፈርድባቸውም። ደሞዙን አውቀዋለሁ። ግን በደንብ ቅጠል ይለይ የነበረው ልጅ ቅጠል ሳያይ ሲውል ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት አባን ደግሜ ጠየቅኳቸው። ግቢውን በሙሉ አትጥረጉ ማለት አልችልም። ከዝግባዋ በስተ ምሥራቅ፣ ሰው የማይቀመጥበት ቦታ ላይ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር ብቻ ስጡኝ አልኳቸው። ሰበካ ጉባኤው ተነጋገረበት። አንድ ሽማግሌ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጥቋጦ ሊበቅል ነው?» ብለው ተቆጡ። አባ «እሷ የምትለው ቁጥቋጦ አይደለም፣ ተተኪ ነው» ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። በሳምንቱ የመጀመሪያውን ድንጋይ ተሸክመው የመጡት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያው ክረምት ላይ ሣርና አጋም ብቻ በቀለ። ብሳና ተከተለ። ሁለተኛው ክረምት ላይ ሦስት ወይራ ቆጠርኩ፣ አንድ ቀጋ፣ ብሳናው አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። ዝግባ የለም። የዝግባ ፍሬ ልባሱ ድንጋይ ነው፤ ለመብቀል ብዙ ይቆያል። ይህን አውቃለሁ፣ አስተምሬበታለሁ፣ ግን ሲጠብቁት ሌላ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ከቅዳሴ ስትመለስ ካቡ ጋ ቆማ ታያለች። ደን ምኑን ይማሩታል ያለችኝ እናቴ «እስካሁን የለም» ብላ ትደውልልኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ የአባ ረዳት የሆነው ዲያቆን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ፎቶው ደብዝዟል። ከአፈር ጣት ያህል ከፍ ያለ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጫፉ ሹል የሆነ ነገር ነው። ልቤ ዘለለ። ግን ወይራም ቅጠሉ ቀጭን ነው። ወይራ ሦስት አለን፣ አራተኛው ሊሆን ይችላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ሳትነቅለው ቅጠሉን ገልብጠህ አንሳልኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

ቅዳሴ ገብቶ ነበር መሰለኝ ሁለት ሰዓት ያህል ዝም አለ። ከዚያ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ይታያል፣ በላዩ የተኛ አንድ ቅጠል።

ጀርባውም አረንጓዴ ነው።